ተከላካይ ምን ሠራ?

ለታዳጊ ተጫዋቾች፣ ለወላጆችና ለሰፈር አሰልጣኞች ጅማ ላይ ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ይህን ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በአሰልጣኝነት ነው የምታውቁኝ። ከዚያ በፊት መሃል ተከላካይ ነበርኩ። ታች ሊግ ነው የተጫወትኩት። ስሜን ጎግል ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ አትድከሙ።

በጥያቄ ልጀምር። በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋር የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ጎል አግቢው ማን ነበር? አዎ፣ ኦኪኪ አፎላቢ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ መለሰ። ያኔ ጡት ይጠቡ የነበሩት እንኳ መለሱ። እሺ፣ መሃል ተከላካዮቹስ እነማን ነበሩ? አያችሁ፣ ድምፁ ቀነሰ። ከኋላ ወንበር ሁለት አባቶች ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ያ ዋንጫ እንዴት እንደተገኘ አስታውሱ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጅማ አባ ቡና ከሊጉ ወርዶ ከተማው ቅስሙ ተሰብሮ ነበር። በዚያው ክረምት ጅማ ከተማ የሚባለው ቡድን አደገ፣ ስሙን ወደ አባ ጅፋር ቀየረ፣ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ነበሩ። የለያቸው የጎል ልዩነት ነው። የጎል ልዩነት ደግሞ ያገባኸው ሲቀነስ የገባብህ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ሁላችንም እናወራለን። የሁለተኛው ቁጥር ባለቤት ማን ነው? ኦኪኪ ሊሆን አይችልም። ኮርና ሲመታ ቋሚው ስር የቆመው ልጅ ነው። አጥቂውን እየገፋ ወደ መስመር ያስወጣው ልጅ ነው። የእነዚያ ልጆች ሥራ ባይኖር ዛሬ ስለ ዋንጫ አናወራም ነበር።

ዛሬ ላወራ የመጣሁት ስለዚህ ነው። ተከላካይ የሚሠራው አንድ ነገር እንዳይሆን ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ በድጋሚ አይታይም፣ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ሌባ ያልገባበት ሌሊት ዘበኛው ተኝቶ ያደረ ነው የሚመስለው። ከዚህች አንድ ነገር ተነስቶ የተከላካይ ሕይወት በሙሉ ከሌላው ተጫዋች ይለያል። ደመወዙ ይለያል፣ ዕድሜው ይለያል፣ የሚሰደብበት መንገድ ይለያል፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚያመው በሽታ ሳይቀር ይለያል።

በ2011 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ አባ ጅፋር በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ። በድምር ውጤት ወጣ። ሻይ ቤት ስንቀመጥ የምናወራው «አህሊን እኮ አሸንፈናል» ብለን ነው። እውነት ነው፣ አሸንፈናል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የግብፁ ጨዋታ ነው። በአፍሪካ ከማንም በላይ ዋንጫ የሰበሰበ ክለብ፣ በገዛ አገሩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እንኳ በቅጡ ሊግ ያልጠገበ ቡድን ላይ ሁለት ብቻ አገባ። «ሁለት ገባባቸው» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ አለ። «አራት አልገባባቸውም» ብሎ የሚጽፍ የለም። ያቺ ሁለት አራት ብትሆን የአዲስ አበባው ጨዋታ ለወጉ ያህል የሚደረግ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ሜዳ ልውሰዳችሁ። ልጆች፣ በተለይ እናንተ ስሙኝ።

የቀኝ መስመር ተከላካይ ነህ። አጥቂው ኳስ ይዞ ፊትህ ቆሟል። ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የማየው እግራችሁን ነው። አብዛኛው ልጅ ሁለት እግሩን ገጥሞ፣ ደረቱን ለአጥቂው ሰጥቶ ይቆማል። ያ ልጅ አልቆለታል። ወይ ኳሷ በእግሮቹ መሃል ታልፋለች፣ ወይ ዞሮ ለመሮጥ ሲንደፋደፍ አጥቂው ጥሎት ሄዷል። በጎን ነው የሚቆመው። አንድ እግር ፊት፣ አንድ እግር ኋላ፣ ጉልበት አጠፍ ተደርጎ፣ ተረከዝ መሬት ሳይጫን። ርቀቱ እጅህን ብትዘረጋ ልትነካው ጥቂት የሚቀርህ ያህል። ከዚያ የሚሄድበትን መንገድ አንተ ትመርጥለታለህ። በቀኝ እግሩ የሚጫወት ከሆነ ቀኙን ትዘጋበትና ወደ ግራው ትሰደዋለህ። ወደ መሃል እንዳይገባ ትከለክልና ወደ መስመሩ ትገፋዋለህ። መስመሩ ያለ ደመወዝ የሚጫወትልህ ተከላካይ ነው። አጥቂው ትከሻውን ይነቀንቃል፣ እግሩን በኳሷ ላይ ያዞራል፣ አብዶ ይሠራል። ይሥራ። ኳሷ እስካልተንቀሳቀሰች ድረስ ምንም አልተፈጠረም። ዓይንህ እሷ ላይ ይሁን። ሁለት ሦስት ሰከንድ ካቆየኸው ጓደኞችህ ደርሰዋል። ኳሷን ባትነጥቀውም ሥራህን ሠርተሃል።

ጅማ ላይ ደግሞ ጭቃው አለ። ይህን የማያውቅ እንግዳ ቡድን መጥቶ ሲቸገር አይቻለሁ። ሜዳው ሲረጥብ ኳሷ መሬት ነክታ አትነሳም፣ ተንሸራታ ትፈጥናለች። ስለዚህ ኳስ አየር ላይ እያለች ቅደማት፣ መሬት እስክትነካ አትጠብቅ። ወደ በረኛህ የምትመልሳት ኳስ በደረቅ ሜዳ ከምትመታው ትለያለች። እዚህ ውኃ ያቆረ ቦታ ላይ ትቆምና አጥቂው ይወስድልሃል። ሸርተቴ፣ ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ፣ ደግሞ በጭቃ ላይ ያምራል፣ አውቃለሁ፣ ማልያው ሲቆሽሽ ደስ ይላል። አንድ ልጅ አለኝ፣ እዚሁ ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም። ኳሷ በሃያ ሜትር ርቀት ላይ ብትሆንም ሸርተቴ ይገባል። ችግሩ ሸርተቴ የገባ ተከላካይ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቡድኑ በአንድ ሰው ጎድሎ ነው የሚጫወተው። ሸርተቴ የሚገባው ሌላ ሁሉ መንገድ ሲያልቅ ነው።

የመሃል ተከላካይ ሥራ ደግሞ ግማሹ አፍ ነው። «ውጣ!»፣ «ያዘው!»፣ «ኋላህ!»፣ «ጊዜ አለህ!»፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ። ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ የሚያየው እሱና በረኛው ብቻ ናቸው። አማካዩ ጀርባው ላይ ሰው መምጣቱን አያይም፤ አንተ ታየዋለህ። ዝም ካልክ ያየኸው ለራስህ ብቻ ቀረ። ቁመቱም ፍጥነቱም ሞልቶት አፉን ባለመክፈቱ ብቻ ታች የቀረ ልጅ አውቃለሁ።

የቦታው ታሪክ ትንሽ ይጠቅማችኋል። ረጅም አላደርገውም። የውጭውን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው። እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ ኦፍሳይድ፣ ከጨዋታ ውጪ፣ እንዳይባል ከአጥቂው ፊት ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚ መኖር ነበረበት። በዚያ ዓመት ወደ ሁለት ዝቅ አለ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን ቀድሞ በነበረው የውድድር ዓመት የገባው ጎል 1,192 ነበር። ሕጉ ሲቀየር 1,703 ሆነ። ተከላካዮች ጉድ ፈላባቸው። አርሰናልን ያሠለጥን የነበረው ኸርበርት ቻፕማን መሃል ሜዳ ይጫወት የነበረውን ሰው ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል አቆመው። ዛሬ መሃል ተከላካይ የምንለው ሰው በእንዲህ ያለ ጭንቀት ነው የተወለደው።

ከዚያ ወዲህም ሕግ በተቀየረ ቁጥር ለአጥቂ ሲያደላ ነው የኖረው። በ1990 ከተከላካዩ እኩል የቆመ አጥቂ ኦፍሳይድ መባሉ ቀረ። የዚያ ዓመት የጣሊያን ዓለም ዋንጫ ጎል የራቀው ነበር፣ በአማካይ በአንድ ጨዋታ 2.21 ብቻ። ተከላካይና በረኛ ኳስ እየተቀባበሉ ሰዓት ይገድሉ ነበር። በ1992 ተከላካይ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጅ እንዳይነካ ተከለከለ። ያን ዕለት ተከላካይ ሁሉ ኳስ መጫወት መማር ግድ ሆነበት። ከዚያ በፊት ጠልዞ መገላገል ይቻል ነበር። በ1998 ደግሞ ከኋላ መጥቶ ተጫዋች የሚጎዳ በቀይ ካርድ እንዲወጣ ዳኞች ታዘዙ። እዚህ ላይ እኔ ከሕጉ ጋር ነኝ። ሆላንዳዊው አጥቂ ማርኮ ቫን ባስተን የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት ገና 28 ዓመቱ ነበር። ቁርጭምጭሚቱን የጨረሱት ተከላካዮች ናቸው፣ የእኛ ሰዎች። እንዲህ ያለውን ተከላካይነት ማንም አይናፍቀው።

አሁን ስለ ስህተት። አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ ስድስተኛዋን ካገባ ጀግና ነው፤ ትከሻ ላይ ይሸከሙታል። ተከላካይ አምስት ኳስ አውጥቶ ስድስተኛዋን ከሳተ፣ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄደው ያቺን ስድስተኛ እያወራ ነው። በጥር 2014 ዓ.ም ዋልያዎቹ ካሜሩን ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ሲጀምሩ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ነበር። ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባዬ የኬፕ ቨርዴን አጥቂ ጥሎ በቀይ ካርድ ወጣ። ከእረፍት በፊት አንድ ጎል ገባ፣ ጨዋታው በዚያው አለቀ። ያሬድ ማን ነው? ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሲሆን የመሃል ተከላካዩ ነው። ያን ዓመት ሙሉ ያወጣቸውን ኳሶች የሚቆጥርለት የለም። 12ኛዋ ደቂቃ ግን ሁሉም አፍ ላይ አለች። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም። ሙያው ግን እንዲህ ነው፣ አውቃችሁ ግቡበት።

የከፋም አለ። ኮሎምቢያዊው አንድሬስ ኤስኮባር በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ኳስ ሊያወጣ ሸርተቴ ገብቶ በራሱ ጎል ላይ አስቆጠረ። ከአሥር ቀን በኋላ ሜዴሊን ከተማ ውስጥ ተገደለ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ የሰፈር ጨዋታ ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በራሱ ላይ ሲያስቆጥር ከዳር ሆናችሁ የምትጮኹትን ነገር እንድታስቡበት ነው። አባቶች፣ ይህች ለእናንተ ናት። የእናቶችን ጩኸት ግን ብዙም አልሰማሁም።

በ2013 ዓ.ም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ጅማም ተራ ደርሷት ነበር። የቴሌቪዥን ካሜራ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ገባ። ሁላችንም ደስ አለን። ለተከላካይ ግን ካሜራ ሁለት ስለት አለው። ጎሉ አራት ጊዜ በዝግታ ይታያል፣ በእያንዳንዱ ድጋሚ ደግሞ ተከላካዩ ሲወድቅ ይታያል። ኳሷ ሳትደርስ መንገዷን የዘጋው ተከላካይ ግን የትም አይታይም፣ ምክንያቱም ካሜራው ኳሷን ነው የሚከተለው።

ወደ ደስ የሚለው ልምጣ፤ ወደ ዕድሜ።

አጥቂ በመጀመሪያዋ እርምጃ ነው የሚኖረው። ያቺ እርምጃ በሠላሳ ዓመት አካባቢ ትቀንሳለች። ተከላካይ ግን የሚኖረው ቀድሞ በማየት ነው፣ ማየት ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ፓውሎ ማልዲኒ ለኤሲ ሚላን በ16 ዓመቱ ጀመረ፣ በ40 ዓመቱ አቆመ። ለአንድ ክለብ 902 ጨዋታ፣ አምስት የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ። ቲያጎ ሲልቫ በወጣትነቱ ሞስኮ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ወራት ሆስፒታል ተኝቷል። ከዚያ ተነስቶ በ36 ዓመቱ ከቼልሲ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አነሳ። ፔፔ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ለፖርቱጋል ሲሰለፍ 41 ዓመቱ ነበር። 41! እዚህ ካላችሁ አባቶች አንዳንዶቻችሁ ታናሹ ናችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ግን ሰምቻችኋለሁ።

የሚያረጀው ዘግይቶ ነው፤ የሚበስለውም ዘግይቶ ነው። ይህን ወላጆች ልብ በሉልኝ። ቡድኑ አንድ ለዜሮ እየተመራ አሥር ደቂቃ ሲቀር አሰልጣኝ የ18 ዓመት አጥቂ ያስገባል፤ ምን ይጎዳኛል ብሎ። አንድ ለዜሮ እየመራ አሥር ደቂቃ ሲቀር ግን የ18 ዓመት መሃል ተከላካይ የሚያስገባ ደፋር እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ወጣት ተከላካይ ወንበር ሲያሞቅ ይከርማል። ችሎታ አጥቶ አይደለም። ቦታው ነው።

ሆላንዳዊውን መሃል ተከላካይ ቨርጂል ቫን ዳይክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ ሆኖ ብሬዳ ውስጥ ምግብ ቤት ሰሐን ያጥብ ነበር። ያደገበት ቪለም ትዌ የሚባለው ክለብ ለዋናው ቡድን አላስፈረመውም። ወደ ክሮኒንገን ሄደ። ከዚያ ስኮትላንድ፣ ሴልቲክ። ከዚያ ሳውዝሃምፕተን። ሊቨርፑል በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛው ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ 26 ዓመቱ ነበር። በ26 ዓመት ስንቱ አጥቂ ከፍታውን ጨርሷል! በቀጣዩ ዓመት በባሎንዶር፣ በዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ከሜሲ በሰባት ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ። በሰባት ነጥብ። እኔ ብሆን ለቫን ዳይክ እሰጥ ነበር፤ ባርሴሎናዎች አትቆጡኝ።

ስለ ባሎንዶር ካነሳን ሽልማቱ ከ1956 ጀምሮ አለ። ከተከላካዮች ያገኙት ቤከንባወር ሁለት ጊዜ፣ ማቲያስ ዛመር በ1996፣ ካናቫሮ በ2006፣ በቃ። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ሃሪ ማጓየር በ2019 በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ሲዘዋወር ለተከላካይ ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ተባለ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ለኔይማር 222 ሚሊዮን ዩሮ ተከፍሏል።

እኛ አገር ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ክለብ በር ላይ አጥቂ ስንት አገባህ ይባላል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ይፈራረማሉ። ተከላካይ ምን ብሎ ይናገራል? ስለዚህ ልጆች፣ የተጫወታችሁበትን ደቂቃ፣ ጎል ሳይገባባችሁ የወጣችሁበትን ጨዋታ፣ ያያችሁትን ካርድ ደብተር ላይ ያዙ። በስልክ የተቀረጸ ጨዋታ ካለ አስቀምጡ፣ ጎሏን ብቻ ቆርጣችሁ ሳይሆን ሙሉውን። ሁለተኛ፣ ውል ሳታነቡ አትፈርሙ። እኔ ጉልበቴን ስጎዳ የነበርኩበት ክለብ፣ ስሙን ልተወው፣ ውሉ ላይ ስለ ሕክምና አንድ መስመር አልነበረም። «አይዞህ» ተባልኩ፤ የኤምአርአይ ሒሳብ ግን በአይዞህ አይከፈልም። የጉልበት ጅማት ቀልድ አይደለም። ቫን ዳይክ እንኳ ጥቅምት 2020 ላይ ተጎድቶ፣ ያ ሁሉ ሐኪም እያለለት፣ የዚያ ዓመት የቀረው ጨዋታ በሙሉ አምልጦታል። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ሲጎዳ፣ ክለቡ ሲወርድ ምን ይሆናል? ከመፈረም በፊት ይጠየቃል። ከፈረሙ በኋላ መልሱ አይዞህ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ቴስታ ነው፣ ኳስን በግንባር መምታት። ዛሬ እንድመጣ ያደረገኝ ዋናው እሱ ነው ብል ይሻላል።

ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዶክተር ዊሊ ስቱዋርት የሚመሩ ተመራማሪዎች የ7,676 የቀድሞ ስኮትላንዳውያን ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ መረመሩ። ውጤቱ በ2019 ወጣ። አንጎል ቀስ በቀስ በሚያልቅበት በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት ተኩል እጥፍ ነበር። በ2021 ደግሞ በቦታ ለይተው አዩት። በረኞች ከተራው ሰው ብዙም አይለዩም። ተከላካዮች ግን አምስት እጥፍ ገደማ ሆኑ። በረኛ ኳስ በእጁ ነው የሚይዘው፤ ተከላካይ በግንባሩ። ቴስታ ብቻ ነው ምክንያቱ ብለው አልደመደሙም፣ ልዩነቱ ግን ዓይን ያወጣ ነው። ከእንግሊዝ ጋር በ1966 የዓለም ዋንጫን ያነሳው መሃል ተከላካይ ጃክ ቻርልተን በ2020 ሲያርፍ የመርሳት በሽታ ነበረበት።

ስኮትላንድ በ2020 ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሥልጠና ላይ ቴስታ እንዳይሠሩ ከልክላለች። እንግሊዝ በ2021 ለትልልቆቹ እንኳ በሳምንት ከአሥር በላይ ከባድ ቴስታ በልምምድ እንዳይደረግ መመሪያ አወጣች። እኛ ጋ ምን እናደርጋለን? አሰልጣኙ ኳስ ከረጢት ይዞ ይቆምና የአሥር ዓመት ልጆችን አሰልፎ እየወረወረ በግንባር ያስመታል። «ጎበዝ! አትፍራ!» ይላል። በዝናብ ኳሷ ውኃ ጠጥታ ከብዳ። እኔም እንዲሁ ነው የሠለጠንኩት። እኔ የማሠለጥናቸው ከ12 በታች ያሉት አሁን ቴስታ አይሠሩም። የኳሷን አመጣጥ ማንበብ፣ የሚዘሉበትን ሰዓት መለካት፣ አየር ላይ ሰውነትን ማመጣጠን በቀላል ፕላስቲክ ኳስ ወይም በእጅ በመያዝ ይለመዳል። ግንባሩ ቆይቶ ይደርሳል።

ከዚህ በላይ ብናገር ቡናው ይቀዘቅዛል። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

አንዲት እናት፦ ልጄ አጥቂ ነኝ ብሎ ነው ያደገው። አሰልጣኙ ተከላካይ አደረገው። ቤት መጥቶ አለቀሰ። ምን ልበለው?

እማዬ፣ መጀመሪያ ያልቅስ። ቀጥሎ አሽሊ ኮልም በልጅነቱ አጥቂ እንደነበር ንገሪው። በዘመኑ ከነበሩ የግራ ተከላካዮች ቁንጮ ሆኖ ነበር። ጎል ማግባት ከናፈቀው ደግሞ የሊሊያን ቱራምን ንገሪው። ለፈረንሳይ 142 ጨዋታ ተጫውቶ ለአገሩ ያገባው ሁለት ጎል ብቻ ነው። ሁለቱንም በአንድ ምሽት ነው ያገባው፣ በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ክሮኤሺያ ላይ። 2 ለ 1 አሸነፉ። ሌላው አጥቂ መቶ ጎል አግብቶ ያንን አያገኝም። ለአሰልጣኙም አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ምክንያቱን ለልጁ ያስረዳው። ልጅ ዝም ተብሎ ወደ ኋላ ሲላክ ቅጣት ነው የሚመስለው።

አንድ ታዳጊ፦ እኔ አጭር ነኝ። መሃል ተከላካይ መሆን እችላለሁ?

ቁም እስቲ። ገና ታድጋለህ። ካናቫሮ 1 ሜትር ከ76 ነው። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ አምበል ሆኖ ጣሊያን በሰባት ጨዋታ ሁለት ጎል ብቻ ነው የገባበት። አንዱን ራሳቸው ናቸው ያስቆጠሩት፣ ሌላው የዚዳን ፔናሊቲ ነው። በተራ ጨዋታ ከተጋጣሚ እግር የገባ ጎል የለም። አጭር ከሆንክ ቀድመህ ዝለል፣ ከዚያም በፊት አጥቂው የሚዘልበትን ቦታ ቀድመህ ያዝ።

አንድ የሰፈር አሰልጣኝ፦ ጋሼ፣ የቴስታው ነገር ገብቶኛል። ግን እኛ ትተነው ሌሎቹ ካልተዉት በኮርና አይጨርሱንም ወይ?

ይጨርሱን ይሆናል። ባለፈው ውድድር ሁለት በኮርና ገብቶብን ወጥተናል፣ ወላጆችም ተቆጥተውኛል። የ11 ዓመት ልጆች ውድድር ነው ወንድሜ። የዚያ ዓይነት ውድድር ዋንጫ እኔም ቤት አንድ አለ። ልጄ እርሳስ ታስቀምጥበታለች።